ሥጋ የማልበላ ብረት አንሺ ነኝ

ሉካንዳ ቤት ገብታችሁ ሥጋ ስትመርጡ ዓይናችሁ የሚያርፈው ደመቅ ባለው ቀይ ላይ ነው። አንዳንድ ቀን ግን ጠቆር ያለ፣ ላዩ ደረቅ፣ ሲዳስሱት ጣት የሚይዝ ሥጋ ተሰቅሎ ታያላችሁ። ብዙ ሰው «ያረጀ በሬ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኔ የማውቃቸው ሽማግሌ ሥጋ ቆራጭ ግን ገና ከሩቅ ሲያዩት «ይሄ ሳያርፍ ነው የታረደው» ይላሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰውም ሆነ የከብት ጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የተከማቸ ስኳር አለ። ከባድ ብረት ትከሻዬ ላይ ጭኜ ቁጢጥ ብዬ ስነሣ የመጨረሻዎቹን ድግግሞሾች የሚያስጨርሰኝ እሱ ነው። በሬ ሲታረድ ልቡ ቢቆምም ጡንቻው ወዲያው ሥራ አያቆምም። የቀረውን ግላይኮጅን ያለ ኦክስጅን እያቃጠለ ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጠዋል። በዚህም የተነሣ በሕይወት ሳለ 7 አካባቢ የነበረው የጡንቻው ፒኤች በአንድ ቀን ውስጥ ወደ 5.5 ገደማ ይወርዳል። ሥጋውን የሚያቀላው፣ ጀርም ቶሎ እንዳይራባበትም የሚያደርገው ይህ አሲድ ነው። በሬው በጭነት መኪና ላይ ቆሞ ሲንገላታ ውሎ፣ ተደብድቦና ደንግጦ፣ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ከታረደ ግን ስኳሩን በቁሙ ጨርሶታል። አሲድ የሚሆን ነገር አይተርፍም፤ ፒኤቹ ከ6 በላይ ይቀራል፤ ሥጋው ይጠቁራል፣ ቶሎም ይበላሻል። የበሬው የመጨረሻ ሌሊት እንዴት እንዳለፈ ከሥጋው ላይ ይታወቃል ማለት ነው።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው አሠለጥናለሁ። ከዚያ በፊት ራሴ በሰውነት ግንባታ ተወዳድሬያለሁ። ጂም ውስጥ ሁለት ወጣቶች ሲያወሩ ብትሰሙ ወሬው ስለ ብረት ይጀመርና የትኛው ሉካንዳ ጥሩ ቁርጥ እንዳለው ይጠናቀቃል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ከልምምድ በኋላ ግማሽ ኪሎ ቁርጥ፣ ውድድር ሲቃረብ ጮማ የሌለበት ቀይ ሥጋና የእንቁላል ነጭ። የምበላው ጡንቻ ከየት እንደመጣ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ሽማግሌው ሥጋ ቆራጭ ሉካንዳቸው ወላጆቼ በሚኖሩባት የክልል ከተማ ነው። በአንድ የበዓል ዋዜማ የሚያግዛቸው ልጅ ታመመባቸውና «ጉልበት ያለህ ልጅ ነህ፣ ና አግዘኝ» ብለው ሥጋ ለማሸከም በሌሊት ወደ ቄራ ይዘውኝ ሄዱ።

ቄራው የሲሚንቶ ወለል ያለው አዳራሽ ነው። በሩ ላይ አንድ አምፖል፣ ውስጥ ደብዘዝ ያለ ብርሃን። በሬዎቹ ከበረቱ አንድ በአንድ በገመድ እየተሳቡ ይገባሉ። ውሃ በጀሪካን ስለሚመጣ የፊተኛው በሬ ደም ሳይታጠብ የኋለኛው ይደርሳል። አንድ ቦራ በሬ በሩ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጆሮውን ወደ ፊት ቀስሮ፣ አፍንጫውን ወደ ወለሉ ዝቅ አድርጎ አሸተተ። አንዱ ከኋላ ጅራቱን ጠመዘዘው፣ ሁለቱ ከፊት ገመዱን ሳቡት። ሲራመድ የፊት እግሩ ተንሸራተተና በጉልበቱ ወደቀ። ደግሞ ተነሣ።

«ጋሼ፣ በሬው ያያል እኮ» አልኳቸው።

«ያያል እንጂ ልጄ። ያሸታልም።»

አራጁ ከቀንዶቹ ኋላ፣ ራስ ቅሉ ከአንገቱ አጥንት የሚጋጠምበትን ጎድጓዳ ቦታ በአውራ ጣቱ ዳሰሰና በሹል ቢላ ወጋው። በሬው ባለበት ተዘረጋ። እግሮቹ ጸጥ አሉ። ከዚያ «በስመ አብ» ብሎ አንገቱን ቆረጠ። እኔ በበሬው ራስ በኩል ስለነበርኩ ዓይኑን አየሁት። ሽፋሽፍቱ ይርገበገብ ነበር፤ የዓይኑም ብሌን ሰው ባለፈ ቁጥር ይከተላል።

«ሞቷል እንዴ ጋሼ?»

«ገና ነው» አሉኝ።

አራጁን ጨካኝ አድርጋችሁ እንዳታዩብኝ። ሌሊቱን ሙሉ በላስቲክ ጫማ ደም ላይ ቆሞ የሚሠራ፣ ወፍራም በሬ በቀንዱ ቢመታው ማንም የማይደርስለት ሰው ነው። አንገቱን የሚወጋውም ራሱን ለማዳን ነው። ወድቆ የማይንቀሳቀስ በሬ ሰው አይወጋም። ከሱ በፊት የነበሩት እንዲህ አሳዩት፣ እሱም እንዲሁ ያደርጋል።

እኔ ግን ሙያዬ ሰውነት ነውና ያየሁት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ያ ቢላ የሚቆርጠው ከአንጎል ወደ ታች የሚወርደውን የነርቭ ገመድ፣ ሕብለ ሰረሰሩን ነው። አንገቱ ላይ ከባድ ጉዳት የደረሰበት ሰው ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ ይሳነዋል፤ ያያል፣ ይሰማል፣ ሕመምና ፍርሃትም ያውቃል። በሬውም እንዲሁ ነው። እግሩ ቀጥ አለ ማለት ራሱን ሳተ ማለት አይደለም። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት በእንስሳት አስተራረድ ደንቡ ላይ ይህን ሕብለ ሰረሰርን በቢላ የመቁረጥ ዘዴ ተቀባይነት የሌለው ብሎ በግልጽ አስቀምጦታል። ምክንያቱም እንስሳው አእምሮው ንቁ እንደሆነ ሰውነቱ ብቻ ሽባ ስለሚሆን ነው። ዘዴው ግን በአገራችን ቄራዎች እስካሁን ይሠራበታል።

አንገቱ ከተቆረጠስ በኋላ? በግ ከሆነ ወደ አንጎሉ የሚሄደው ደም በአብዛኛው በጉሮሮው ግራና ቀኝ ባሉት ትላልቅ የደም ሥሮች ነው የሚያልፈው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከተቆረጡ በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል። ከብት ግን በአንገት አጥንቱ ውስጥ ተሸሽጎ የሚሄድ ሌላ የደም መንገድ አለው፤ ቢላው እዚያ አይደርስም። ስለዚህ በደንብ የተቆረጠ በሬ እንኳ ራሱን ለመሳት ጊዜ ይወስድበታል፤ አንዳንዱ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይቆያል። ቢላው ከደነዘዘ ወይም የአራጁ እጅ ከሳተ ጊዜው ይረዝማል።

የተሻለ መንገድ ከተገኘ ቆይቷል። ግንባሩ ላይ ተደግኖ አንድ የብረት ዘንግ በፍጥነት ወጥቶ የሚመለስበት፣ ሽጉጥ የሚመስል መሣሪያ አለ። በትክክለኛው ቦታ ላይ ከተተኮሰ በሬው ድምፁን ሳይሰማ ራሱን ይስታል፤ ከዚያ በኋላ ይታረዳል። አሜሪካ እንስሳት ከመታረዳቸው በፊት ሕመም እንዳይሰማቸው እንዲደረግ ያወጣችው ሕግ እ.ኤ.አ. የ1958 ነው። ሕጉ የሃይማኖት አስተራረድን ለብቻው ይፈቅዳል። ዶሮን ግን አይጨምርም፤ በቁጥር ከሁሉ የሚበልጠው የሚታረድ እንስሳ ያለ ሕግ ቀርቷል። እኔ በዚህ ጉዳይ የአሜሪካን ሕግ አላደንቅም።

«የኛ ሃይማኖት አይፈቅድም» የሚል ክርክር ሁልጊዜ ይነሣል፤ በቀላሉ የማልፈውም አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ሥጋ ቢላው፣ አራጁና ጸሎቱ ለየብቻ ነው፤ ይህን ማንም ሊነካው አይገባም። ግን ኒውዚላንድን እዩ። ለሙስሊም አገሮች ብዙ ሥጋ ትልካለች። እዚያ የሐላል እርድ የሚፈጸመው ለአጭር ጊዜ ራስ በሚያስት፣ እንስሳውን ግን በማይገድል ኤሌክትሪክ ጭንቅላቱ ከተነካ በኋላ ነው። ባይታረድ ኖሮ ደቂቃዎች ቆይቶ ተነሥቶ ይሄዳል። በሕይወት እያለ ነው የሚታረደው፤ ቢስሚላሁም ይባላል። የሃይማኖት ሰዎችና የእንስሳት ሐኪሞች ተቀምጠው ተነጋግረው የደረሱበት መፍትሔ ነው።

ደግሞ ሁሉም ነገር ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ቴምፕል ግራንዲን የምትባል አሜሪካዊት የእንስሳት ሳይንስ ምሁር አለች፤ እ.ኤ.አ. በ1947 የተወለደች፣ ኦቲዝም ያለባት ሴት ናት። ቄራዎችን ለማሻሻል የሄደችበት መንገድ ከብቱ በሚያልፍበት ኮሪደር ውስጥ ራሷ ገብታ፣ ከብቱ የሚያየውን ማየት ነበር። ያገኘችው ትንንሽ ነገር ነው፤ ውሃ ላይ የሚያብረቀርቅ ብርሃን፣ የተንጠለጠለ ሰንሰለት፣ አጥር ላይ የተሰቀለ ኮት፣ ከፊት የሚጠብቅ ጨለማ። ከብት እነዚህን ሲያይ ይቆማል፤ ሲቆም ይደበደባል። ሰንሰለቱን አንሥቶ፣ መብራቱን ዞር አድርጎ፣ ወለሉን እንዳያንሸራትት ሻካራ ማድረግ ብቻ ብዙውን ዱላ ያስቀራል። ለቄራዎች ያወጣችው መለኪያም እንደዚሁ ቀላል ነው። ስንቱ ከብት ወደቀ? ስንቱ ጮኸ? ስንቱ በመጀመሪያው ምት ራሱን ሳተ? ከ100 ከብት ከ3 በላይ ከጮኸ ያ ቄራ ፈተናውን አላለፈም። እኔ ያየሁት ቄራ በሩ ላይ ደማቅ መብራት ወደ ውስጥ ቢዞርለት፣ ወለሉ ቢሻክር፣ የውሃ መስመርና አንድ መጋረጃ ቢኖረው ያ ቦራ በሬ አይወድቅም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ገዢ ሲጠይቅ ቄራ እንደሚሻሻል ደግሞ የአገራችን ልምድ ያሳያል። በሞጆና በቢሾፍቱ ያሉት፣ የበግና የፍየል ሥጋ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚልኩት ቄራዎች ማቀዝቀዣ ክፍል፣ የሥጋ ማንጠልጠያ ሐዲድና መርማሪ ሐኪም ያላቸው ገዢው አገር ስለጠየቀ ነው። ሳዑዲና ኤምሬትስ ጠየቁ፤ ተሠራላቸው። እኛ የአገር ውስጥ በላተኞች ግን የምንጠይቀው ዋጋና ጮማ ብቻ ነው።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ሥጋ አስጠላኝ ብዬ አልዋሽም። የክትፎ ሽታ ዛሬም ምራቄን ያመጣዋል። ሁዳዴ ገባ፤ እንደ ልማዴ ጾምኩ። ፋሲካ ሲደርስ በእንቁላልና በወተት ገደፍኩ፤ ወደ ሥጋው ግን አልተመለስኩም። ይኸው ነው ውሳኔው። ፍራቻዬ አንድ ነበር፤ ጡንቻዬ።

ጂም ውስጥ ያለው እምነት «ጾም ጡንቻ ያረግፋል» ነው። እውነትም ብዙ ልጆች በሁዳዴ ይከሳሉ። የሚከሱት ግን ሥጋ ስለቀረባቸው ብቻ አይደለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያሉ፤ ከዚያ ቀጭን ሽሮ በብዙ እንጀራ ይበላሉ፤ ማታ ደክሟቸው ይተኛሉ። ጠቅላላ ምግባቸውም ፕሮቲናቸውም ይቀንሳል። ይህን በሥጋም ቢሆን ብታደርጉት ትከሳላችሁ።

ታሪኩንም አንብቤያለሁ። አሜሪካዊው ቢል ፐርል ሚስተር ዩኒቨርስ የሚባለውን ማዕረግ እ.ኤ.አ. በ1953፣ በ1961፣ በ1967 እና በ1971 አራት ጊዜ አሸንፏል። የመጨረሻውን ያሸነፈው በ40 ዓመቱ፣ ሥጋ ትቶ እንቁላልና ወተት እየተመገበ ነው። ጂም ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1973 ሚስተር አሜሪካ ሆነ፤ በኋላ ሥጋ ተወ፤ ቆይቶም ወተቱንና እንቁላሉን ጭምር ተወ፤ በሰባዎቹ ዕድሜው ሳለ የተነሣቸው ፎቶዎች የወጣት አሠልጣኝ ጂም ግድግዳ ላይ ቢሰቀሉ አያሳፍሩም። ከአርመን ቤተሰብ ኢራን ውስጥ ተወልዶ ጀርመን ያደገው ፓትሪክ ባቡሚያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 የጀርመን ኃያል ሰው ተብሏል፤ በ2013 ቶሮንቶ ላይ 550 ኪሎ ተሸክሞ 10 ሜትር ሲራመድ ከእንስሳ የሚገኝ አንዳች ነገር አይበላም ነበር። እርግጥ እነዚህ ለየት ያለ ተፈጥሮ የተሰጣቸው ሰዎች ናቸው። እንደ እኔና እንደ እናንተ ላለ ሰው የሚጠቅመው ጥናት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና 49 ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ ሥራ፣ ብረት ለሚያነሣ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 1.6 ግራም አካባቢ ፕሮቲን ከደረሰው ከዚያ በላይ ያለው ለጡንቻ የሚጨምረው እምብዛም እንደሆነ አሳይቷል። በ2021 ደግሞ ብራዚል፣ ሳኦ ፓውሎ ውስጥ 19 ከእንስሳ የሚገኝ የማይበሉና 19 ሁሉን የሚበሉ ወጣቶች ለ12 ሳምንት የእግር ልምምድ ሠሩ። ሁለቱም ወገን ይህንኑ 1.6 ግራም እንዲያሟላ ተደረገ፤ የጎደለውን አንዱ በአኩሪ አተር፣ ሌላው በወተት ፕሮቲን ዱቄት ሞላ። ጡንቻውም ጉልበቱም በሁለቱም ወገን በተመሳሳይ መጠን አደገ። ጡንቻ የሚቆጥረው የደረሰውን አሚኖ አሲድ ነው፤ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም።

80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 1.6 ግራም ማለት በቀን 128 ግራም ፕሮቲን ነው። ይህን ያለ ሥጋ፣ ያለ እንቁላልና ያለ ወተት፣ ከመርካቶ እህል በረንዳ በሚገዛ ነገር ብቻ እንዴት እንደምሞላው ላሳያችሁ። ጠዋት 100 ግራም በሶና አንድ ጭብጥ፣ 50 ግራም የሚሆን ለውዝ፤ 24 ግራም ገደማ ፕሮቲን። ምሳ ከ200 ግራም የጤፍ ዱቄት የወጣ እንጀራና 100 ግራም ደረቅ ምስር የተሠራበት ወጥ፤ 50 ግራም። ከልምምድ በፊትና በኋላ 50 ግራም የሽምብራ ቆሎና 50 ግራም የተቆላ አኩሪ አተር፤ 28 ግራም። ማታ 80 ግራም ዱቄት የገባበት ወፈር ያለ ሽሮና እንጀራ፤ ወደ 29 ግራም። ድምሩ 131 ነው። የእህል ፕሮቲን ከሥጋው ትንሽ ዝቅ ብሎ ስለሚፈጭ እኔ ከዚህም ከፍ አደርገዋለሁ፤ ጾም ባልሆነ ቀን እንቁላል ስለምበላ አይከብደኝም።

እህልና ጥራጥሬ አብሮ መሄዱ በከንቱ አይደለም። ስንዴና ገብስ ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ያንሳቸዋል፤ ምስርና ባቄላ ግን ሞልቷቸዋል። ለጥራጥሬው የሚያንሰውን ሜታየኒን ደግሞ እህሉ ይሰጣል። ስንዴና ሽምብራ የተቀላቀለበት ንፍሮ ይህንን ጉድለት ይሞላል፤ እንጀራና ሽሮም እንዲሁ። አያቶቻችን በጾም ከዓመቱ ግማሽ የሚጠጋውን ጊዜ ያለ ሥጋ ኖረው ገበሬም ወታደርም የሆኑት በዚህ ገበታ ነው። ለኔ ትልቁ ግኝት ይኼ ነበር። የሌላ አገር ሰው ሥጋ ሲተው አዲስ የምግብ አሠራር መማር አለበት፤ እኛ የጾሙን ሳህን ጠለቅ አድርገን መጨለፍ ብቻ ነው የሚጠበቅብን።

አንድ ችግር አለው፤ ሆድ ይነፋል። አኩሪ አተርና ሽምብራ ሌሊቱን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት ብዙ ያቃልላል። ባቄላውን በክክ መልክ መብላትም ይረዳል። መጠኑን በአንድ ሳምንት ሳይሆን ቀስ በቀስ መጨመር ይሻላል።

አሁን ሰልጣኞቼን አጥብቄ የማስጠነቅቅበት ነገር ላይ ደረስኩ። ቫይታሚን ቢ12 ከእህልም ከአትክልትም አይገኝም። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች ጉድለቱ ዘግይቶ ነው የሚታየው፤ እጅና እግር መደንዘዝ፣ ድካም፣ የደም ማነስ። እንቁላልና ወተት የሚወስድ ሰው ጥቂት ያገኛል። ሁሉንም የተወ ሰው ግን ክኒን መዋጥ የግድ ነው፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ብረት ሁለተኛው ነው። ጤፍ፣ ምስርና ጎመን ብረት አላቸው፤ ነገር ግን ሰውነት ከሥጋ እንደሚወስደው ቀላል ሆኖ አይወስደውም። የሊጡ መቡካት ብረቱን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት ይቀንሰዋል። ቃሪያና ሎሚ ያግዛሉ። ቡና ግን ይከለክላል፤ ስለዚህ ከምሳ በኋላ ጀበናው ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። ክሬቲን ደግሞ ሥጋ ውስጥ ያለ፣ ለከባድ አጭር ሥራ የሚጠቅም ነገር ነው። ሥጋ የማይበላ ሰው ጡንቻው ውስጥ ያለው ያንሳል። በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ዱቄቱን መውሰድ ይሞላዋል፤ ዱቄቱ በፋብሪካ የሚቀመም እንጂ ከእንስሳ የሚወጣ አይደለም። በዓመት አንድ ጊዜ የደም ምርመራ አድርጉ። እኔ አደርጋለሁ።

ከብረቱ ይልቅ የከበደኝ ሰው ነው። ሥጋ በኛ ዘንድ የፍቅር መግለጫ ነው። እናቴ መጀመሪያ የሰማች ቀን ግንባሬን ዳሰሰችና «ልጄ፣ አሞሃል እንዴ? ሐኪም ነው የከለከለህ?» አለችኝ። አላመመኝም ብላት አላመነችም። የሚቀጥለው ፋሲካ ሲደርስ ዶሮውን ለሌሎቹ ሠርታ ለእኔ ሽምብራ ዓሳ አዘጋጀችልኝ። የሽምብራውን ዱቄት አቡክታ በእጇ እንደ ዓሳ ቀርጻ፣ ጠብሳ፣ ሽንኩርቱ በደንብ በበሰለ ድልህ ውስጥ ከተተችው። ዘመድ ሁሉ ከኔ ሳህን እየቀመሰ ጨረሰብኝ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አብዝታ ነው የምትሠራው።

የጎረቤት ቅርጫ ግን ይከብዳል። ቅርጫ ላይ አለመግባት ከሰፈሩ መለየት ይመስላል። እኔ ድርሻዬን እከፍላለሁ፤ መደቡ ሲደርሰኝ በዓሉን በባዶ ማጀት ለሚውል ጎረቤት አሰጣለሁ። አንዳንዱ «እንግዲያ ምን ተውክ?» ይለኛል። ለበሬው ሞት ገንዘብ ማዋጣቴ እውነት ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ለኔ ግን ከጎረቤቶቼ ተለይቶ ንጹሕ ከመሆን እዚያው መሐላቸው ቆሞ በሬው እንዴት እንደሚታረድ መናገር ይበልጥብኛል።

ይህን ሁሉ የማወራው ለማን እንደሆነ ልናገር። በዓመት ሁለት ጊዜ ሥጋ ለሚደርሰው ቤተሰብ አይደለም። በማደግ ላይ ላለ ልጅም፣ ለነፍሰ ጡርም «ሥጋ ተዉ» አልልም። ለእነሱ እንቁላል ይጨመርላቸው፣ ወተት ይጨመርላቸው ባይ ነኝ። የምናገረው በቀን ግማሽ ኪሎ ቁርጥ ካልበላሁ ደረቴ ይወርዳል ብሎ ለሚጨነቅ ለኔ ቢጤ ነው። አትጨነቅ፤ አይወርድም።

ሥጋውን የማይተው ደግሞ፣ ብዙው ሰው እንደማይተው አውቃለሁ፣ ቢያንስ ቅርጫው በእጁ ነው። ቅርጫ ላይ ቄራ የለም፣ የሚወቀስ ባለሥልጣንም የለም፤ ገዢውም አራጁም እናንተው ናችሁ። በሬውን በዋዜማው ምሽት ከገበያ እየነዳችሁ አምጥታችሁ ወዲያው አትረዱት። አንድ ቀን ቀደም አድርጋችሁ ግዙት፤ ጥላ ባለበት ታስሮ ውሃ እየጠጣ ይደር። ሁለት በሬ ካለ አንዱ ሲታረድ ሌላው እንዳያይ ከቤቱ ኋላ እሰሩት። ልጆች አይክበቡት። መሬቱ ጭቃ ከሆነ ገለባ አንጥፉበት። ቢላው ዋዜማውን ይሳል። አንገቱን ከኋላ የመውጋቱን ነገር ተዉት፤ በገመድ በወጉ ጥላችሁ፣ እጁን ያስለመደ አንድ ሰው በአንድ ስለት ይቁረጠው። ዓይኑን በጣት ነካ አድርጋችሁ መርገብገቡን እስኪያቆም ድረስ ቆዳውን ለመግፈፍ አትቸኩሉ።

ከዚያም የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። ምላሱን፣ የመንጋጋውን ሥጋና ልቡን ሰንጥቆ የኮሶ ትል ከረጢት እንዳለበት ያይላችኋል፤ ሳንባውን ዳስሶ ቲቢ እንደሌለበት ያረጋግጣል። ጥሬውን የምትቆርጡ ከሆነ ይህ ምርመራ ሳይደረግ ቢላችሁን አታንሡ። ሐኪም ካልተገኘ ሥጋው መሐሉ ድረስ ይብሰል።